የተሰበረ ሶላር ፓኔል ጓሮን መበከሉ እንዴት ይታወቃል?
የወሎ ደጋ በረዶ አንዳንዴ አይጣል ነው። ጣሪያ ላይ ያለው ሶላር ተሰነጣጥቆ ሲገኝ አንዱ «መርዝ ነው፣ ቅበሩት» ይላል፤ ሌላው «እየሠራ አይደል? ተዉት» ይላል። አብሽሩ፣ በምርመራ የሚለይ ነገር ነው።

መጀመሪያ ለራሳችሁ ተጠንቀቁ። ፓኔል ቢሰበርም ፀሐይ ካገኘ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ወፍራም ጓንት አድርጉና በጨርቅ ሸፍኑት።

ቀጥሎ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። ሞኖ ወይም ፖሊ ክሪስታሊን የሚባለው ዓይነት ከሆነ የሚመረመረው መርዛማው ብረት እርሳስ፣ ማለትም ሊድ ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩትን ቁርጥራጮች (ሴሎቹን) በሚያያይዙት ብርማ ጥብጣቦች ብየዳ ውስጥ ይገኛል። ካድሚየም ቴሉራይድ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ካድሚየም የተባለው መርዛማ ብረትም ይመርመር። ስንጥቁን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጥብጣቦቹ ከጠቆሩ ወይም ከዛጉ ውሃ ሳይገባ አልቀረም።

ዋናው ሥራ ናሙናው ነው። ከፓኔሉ የሚወርደው ዝናብ የት ነው የሚያርፈው? በርሜል ውስጥ? ጎመኑ ላይ? ከዚያው ቦታ የላይኛውን 5 ሴንቲሜትር አፈር ውሰዱ። ውሃውንም ቅዱ፤ ጠርሙሱን ግን ናሙናውን ከሚመረምርላችሁ ላብራቶሪ ቀድማችሁ ተቀበሉ። ከዚያ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ፦ የፓኔሉ ውሃ ከማይደርስበት ቦታ ሁለተኛ አፈር ውሰዱ። ያለዚያ የተገኘው እርሳስ ከፓኔሉ ይሁን እርሳስ ካለበት የድሮ ቀለም አይታወቅም። ኧረ እንዲያውም ከሶላሩ ጎን የተቀመጠውን ባትሪ እዩ። ፓኔሉ ውስጥ ያለው እርሳስ በግራም የሚቆጠር ነው፤ የመኪና ባትሪ ግን በኪሎ ይይዛል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው።

ናሙናዎቹ ላይ ቦታና ቀን ጻፉ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው፤ እዚያ ሄዳችሁ ሊድ የሚለካ መሣሪያ እንዳላቸው ጠይቁ።

ውጤቱ ሲመጣ ቁጥር እንዳይምታታባችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የሊድ ጣሪያ በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው። አሜሪካኖች ደግሞ ፓኔሉን ራሱን ሰባብረው፣ አሲድ ባለው ውሃ ለ18 ሰዓት ያህል አሽከርክረው ይፈትሹታል፤ የእሱ ገደብ በሊትር 5 ሚሊግራም ነው። ይሄኛው ለቆሻሻ አወጋገድ እንጂ ለመጠጥ አይደለም። ቤት ውስጥም አይሞከርም። የበርሜሉ ውሃ ከ0.01 ካለፈ መጠጣቱን አቁሙ፤ ማፍላት እርሳስን አያስወጣም።

እስከዚያው ፓኔሉን ዝናብ በማያገኘው ቦታ አስቀምጡት። አትቅበሩት፣ አታቃጥሉት። ቆራሌው አሉሚኒየሙን ፈልጎ ቢመጣም አትስጡት፤ ፍሬሙን ነቅሎ መስታወቱን ሜዳ ላይ ሊጥለው ይችላል።