ከሰርቨር የሚላክ መረጃን ስናሳንስ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐይቁ ዳር ሆኖ በስልኩ ማደሪያ የሚፈልግ እንግዳ እያንዳንዱ ሜጋባይት የሚቀነስበት ከራሱ የዳታ ጥቅል ነው። ሐዋሳ ላይ የሆቴል ማስያዣ መተግበሪያ የሚሠራ ባለሙያ ሰርቨሩ፣ ማለትም መረጃውን የሚያቀርበው ኮምፒውተር፣ የሚልከውን ማሳነስ ያለበት የዚህን ሰው ገንዘብ እያሰበ ነው።

የማያስፈልገውን ጨምቆ መላክ። ከሁሉ የሚብሰው ይህ ነው። ዝርዝሩ ላይ የሚታየው ስም፣ ዋጋና አንድ ፎቶ ሆኖ ሳለ የሆቴሉ ሙሉ መዝገብ ከነአስተያየቱ ይላካል። ጂዚፕ በሚባለው የመረጃ መጭመቂያ ዘዴ ቢጨመቅም ስልኩ ፈትቶ ሁሉንም ማንበቡ አይቀርም። አስቀድሞ ትርፉ ይቀነስ፤ ሆቴሎቹም ሃያ ሃያ እየሆኑ ይላኩ።

የግዕዝ ፊደልን በኮድ መተካት። ይህ የእኛ ጣጣ ስለሆነ ከውጭ በሚመጡ መመሪያዎች ላይ እምብዛም አይነሳም። ፊደላትን ወደ ባይት በሚለውጠው በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ «ሐዋሳ» 9 ባይት ነው። የፓይተን ፕሮግራም ቋንቋ ጄሰንን (መረጃ በጽሑፍ መልክ የሚላክበትን ቅርጽ) የሚጽፍበት ላይብረሪ ካልከለከሉት ግን እያንዳንዱን ፊደል በባለ 6 ምልክት ኮድ ይለውጠዋል፤ ያው ስም 18 ባይት ይሆናል። ሌላው የፕሮግራም ቋንቋ ፒኤችፒም እንዲሁ ያደርጋል። ፓይተን ላይ «ኢንሹር አስኪ» (ensure_ascii) የሚባለውን ምርጫ «ፎልስ» ማድረግ ይበቃል። ጭመቃ ልዩነቱን ያጠብበዋል፤ ቢሆንም በአንድ ቃል የሚቀር ብክነትን ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም።

ሁሉንም መጭመቅ። ጂዚፕ የራሱን ቢያንስ 18 ባይት ይጨምራል፤ «ተይዟል» የምትል አጭር ምላሽ ተጨምቃ ልትተልቅ ትችላለች። የጄፔግ ፎቶም አስቀድሞ የተጨመቀ ነው። ፎቶውን ቤዝ64 በሚባለው ዘዴ ወደ ጽሑፍ ለውጦ ጄሰን ውስጥ መክተት ደግሞ መጠኑን በሲሶ ያሳድገዋል፤ አድራሻውን ብቻ ይላኩ።

የመስክ ስሞችን፣ ማለትም እንደ «ስም» እና «ዋጋ» ያሉ የመረጃ መለያዎችን፣ ወደ አንድ ፊደል ማሳጠር። ጂዚፕ የሚደጋገም ቃልን በደንብ ስለሚያሳንስ ትርፉ ትንሽ ነው፤ ኮዱን የሚረከበው ባልደረባ ግን ይቸገራል። ስሞቹ በእርግጥ ከከበዱ ጎግል በ2008 ይፋ ያደረገው ፕሮቶኮል በፈርስ የሚባል የመረጃ መላኪያ ቅርጽ በስም ፋንታ ቁጥር ይጠቀማል። የተሰረዘ መስክን ቁጥር ግን ለሌላ መስክ አይስጡ፤ መተግበሪያው ያልታደሰባቸው ስልኮች አንዱን መረጃ በሌላው ቦታ ያነባሉ።

ያልተለወጠን ደግሞ መላክ። ሰርቨሩ ከምላሹ ጋር ኢታግ የሚባል፣ የምላሹን እትም የሚለይ ምልክት ቢልክ፣ ስልኩ በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ መልሶ ያቀርባል፤ ዋጋው ካልተለወጠ 304 («አልተለወጠም») የሚል፣ አካል የሌለው መልስ ይበቃዋል።