የውጭ አገር የተግባር ልምምድ ለምትፈልጉ የቢዝነስ ተማሪዎች

ለክረምት ዕረፍት ውጭ አገር የተግባር ልምምድ የምትፈልጉ ከሆነ ማስታወቂያ ብቻ አትጠብቁ። በሊንክድኢን የዩኒቨርሲቲያችሁን ገጽ ክፈቱና የቀድሞ ተማሪዎችን ዝርዝር ተመልከቱ። የምትፈልጉትን አገር ወይም ከተማ ስትመርጡ፣ ከእናንተው ግቢ ወጥተው እዚያ የሚሠሩ ሰዎች ይመጡላችኋል፤ በሙያ ዘርፍም መለየት ይቻላል።

ታዲያ ሥራ አትጠይቋቸው! የ15 ደቂቃ ውይይት ብቻ ጠይቁ። መልእክታችሁ አጭር ይሁን፤ ስለ ሥራቸው አንድ ቁርጥ ያለ ጥያቄም ይኑረው። ለሁሉም የሚላክ የተገለበጠ ደብዳቤ ወዲያው ያስታውቃል።

ብዙ አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የልምምድ ቦታ በይፋ አያወጡም፤ ተማሪ የሚቀበሉት የራሳቸው ሠራተኛ ሲያቀርብላቸው ነው። በአንድ ግቢ ያለፈ ሰው ደግሞ ለማያውቀው ተማሪ እንኳ መልስ ለመስጠት ልቡ ይቀርባል።

ለትላልቅ ባንኮችና አማካሪ ድርጅቶች ግን ይህ አይበቃም። በአብዛኛው ማመልከቻ የሚቀበሉት በድረ ገጻቸው ነው፤ ብዙዎቹም ልምምዱ ከመጀመሩ ከወራት በፊት ማመልከቻ መቀበል ያቆማሉ። በቱሪስት ቪዛ ሄዶ መለማመድ፣ ክፍያ ባይኖረው እንኳ፣ በብዙ አገሮች ሕግ መጣስ ስለሆነ እሺ የሚል ድርጅት ስታገኙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ ቪዛው ይሁን።