መርገጫው ሲያስቸግር፦ የአራት ክፈፍ ሽመና ማሰሪያ ችግሮችና መፍትሄያቸው

በጉድጓድ ሽመና ያደገ ሰው ስለ ማሰሪያ፣ ማለትም መርገጫውን ከክፈፉ ስለሚያገናኘው ገመድ፣ ብዙ አይጨነቅም። ሁለት ክፈፍ (የድሩን ክሮች ይዞ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው)፣ ሁለት መርገጫ፣ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል፣ አለቀ። ጣጣው የሚመጣው አራት ክፈፍና ስድስት መርገጫ ያለው የቆመ መሣሪያ ቤት ሲገባ ነው። በእያንዳንዱ መርገጫ ሁለት ክፈፍ ሲታሰር 12 ማሰሪያ ይሆናል። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤቴ የመጀመሪያውን ስተክል ግማሽ ቀን በሆዴ ተኝቼ ከሥሩ ስታገል ውዬ፣ በማግስቱ ሁሉንም ፈታሁት። ከዚህ በታች ያለው ምክር ክፈፎቹ እንደ ሚዛን በመዘውር ለተንጠለጠሉበት፣ ማለትም ሲረገጥ ክፈፉ ወደ ታች ለሚወርድበት መሣሪያ ነው።

የድሩ አፍ (ሲረገጥ በክሮቹ መካከል የሚከፈተው ክፍተት) ጠባብ ነው፣ መወርወሪያውም ክር እየዘለለ ያልፋል

ሁላችንም መጀመሪያ የምንወቅሰው ፈትሉን ነው። ከዚያ ድሩን እናጠብቃለን፤ ክር ይበጠሳል። ፈትሉን ከመውቀሳችሁ በፊት መርገጫውን ረግጣችሁ ድሩን ከጎን ተመልከቱ። የወረዱት ክሮች እንደ አንድ ጠፍጣፋ ገጽ መታየት አለባቸው። አንዱ ረድፍ ከሌላው ከፍ ካለ ጥፋቱ የገመዱ ነው፤ የአንዱ ክፈፍ ማሰሪያ ረዝሟል። ክፈፉ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ካዘመመ ደግሞ ርዝመቱን አትንኩ፤ ገመዱ ከክፈፉ መሃል ወጥቶ ነው የታሰረው።

የእኔ ስህተት ክፈፎቹ እየተወዛወዙ ማሰሬ ነበር። አንዱን ሳስር ሌላው ይሸሻል፣ በዓይን ልክ የመሰለኝ ሁሉ ውሸት ሆነ። አሁን አራቱን አሰልፌ፣ በሁለቱም ጫፍ በጠፍጣፋ እንጨት መካከል አጣብቄ እጠፍራቸዋለሁ። ድሩ በመምቻው ቁመት መሃል ሲያልፍ ልክ ናቸው። መርገጫዎቹንም በእኩል ቁመት ድንጋይ ወይም ጣውላ ላይ አሳርፋቸዋለሁ። ገመዶቹን ደግሞ ሁለት ምስማር በተመታበት ሳንቃ ላይ እየጠመጠምኩ ስለምቆርጣቸው አንዱ ከሌላው አይለይም። ሜትር እያነሱ መለካት የለም።

ትናንት ልክ የነበረው ዛሬ ላልቷል፣ ወይም መርገጫው ራሱ ከፍ ብሏል

የጥጥ ገመድ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲያብጥ ያጥራል፣ ሲደርቅ ይላላል። በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጃችን ላይ ሲተኛ ያሰርኩት፣ ጥቅምት ላይ ሌላ ገመድ ይመስላል። ቆላ ቀመሷ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትርቅም አየሯ ሌላ ነው፤ ከዚህ ታስሮ የወረደ መሣሪያ እዚያ እንደገና መስተካከል ይፈልጋል። ናይለኑም መፍትሄ አይደለም፦ ጭነት ሲበዛበት ይለጠጣል፣ ቋጠሮውም ያንሸራትታል። የተጎነጎነ የፖሊስተር ገመድ ፈልጉ።

ለማስተካከል ቋጠሮውን መፍታት፣ አንዳንዴም መቁረጥ ግድ ሆኗል

ይህ የቋጠሮው ዓይነት ስህተት ነው። ጥሩ ማሰሪያ ማለት በጣም የጠበቀ ሳይሆን ስትፈልጉት የሚላላ ነው። እኔ ሁለት ገመድ አገናኛለሁ። ከመርገጫው ቀዳዳ እጥፍ ገመድ ወደ ላይ አወጣና ሁለቱን ጫፎች አንድ ላይ በየ2 ሳንቲ ሜትሩ ሦስት አራት ጊዜ እቋጥራቸዋለሁ። ከክፈፉ ደግሞ ቀለበት ያለው ገመድ ይንጠለጠላል። የቀለበቱን ጫፍ ወደ ኋላ አጥፋችሁ የራሱን ሁለት እግሮች በውስጡ ስትስቡ ሸምቀቆ ይሆናል። የታችኛውን ገመድ ጫፍ በሸምቀቆው አሳልፉና ከአንዱ ቋጠሮ ሥር አጥብቁት። በረገጣችሁ ቁጥር ይጠብቃል፤ ቋጠሮውም አያሾልከውም።

መርገጫው ዝቅ ካለ ሸምቀቆውን በጣት አላልታችሁ ወደ ታችኛው ቋጠሮ ማውረድ ነው፤ ከፍ ካለ ወደ ላይኛው። ብርሃን ባይኖር እንኳ በዳበሳ ይሠራል። መብራት በሄደ ቁጥር ይህን ቋጠሮ እመርቃለሁ።

መርገጫው ወለል ይመታል

ገመዱ ረዝሟል፤ አንድ ቋጠሮ አሳጥሩ። ካጠረ በኋላም አፉ በደንብ ካልተከፈተ ማሰሪያው ለመርገጫው ማጠፊያ ቀርቦ ይሆናል፤ ትንሽ ወደ እግራችሁ አምጡት። ሲረገጥ ይከብዳል፣ ክፈፉ ግን የበለጠ ይወርዳል።

ጥለቱ በመሃል ይሰበራል

አንዱ ገመድ የተሳሳተ ክፈፍ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ክፈፍ የራሱ ቀለም ያለው ገመድ ስጡ።

የሽመናው ዓይነት በተለወጠ ቁጥር ከሥር መግባት ሰልችቷል

ሰልችቶኝ ያገኘሁት ነገር፦ 12ቱን ማሰሪያ ተዉና አራት መርገጫ ብቻ፣ ለአንድ ክፈፍ አንድ መርገጫ እሰሩ። ሁለት ክፈፍ ስትፈልጉ ሁለት መርገጫ አንድ ላይ ትረግጣላችሁ። ምስጢሩ ቅደም ተከተሉ ነው። መርገጫዎቹን በታሰሩበት ክፈፍ ቁጥር ከግራ ወደ ቀኝ 1፣ 3፣ 2፣ 4 አድርጓቸው። ለተራ ሽመና ግራ እግር 1ንና 3ን በአንድ ጊዜ ይረግጣል፣ ቀኝ እግር 2ንና 4ን። እንደ ጂንስ ጨርቅ ሰያፍ መስመር ለሚያወጣው ሽመና ደግሞ ግራ እግር በ1 እና በ3 መካከል፣ ቀኝ እግር በ2 እና በ4 መካከል ይመላለሳል፦ 1ና 2፣ 3ና 2፣ 3ና 4፣ 1ና 4። ልብ ብላችሁ እዩት፤ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚንቀሳቀሰው አንድ እግር ብቻ ነው፣ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ። መንገድ እንደ መሄድ ነው። ስድስቱን መርገጫ እየቆጠርኩ የምሳሳተው እኔ፣ በዚህ ከጎረቤት ጋር እያወራሁ እሸምናለሁ።

ሳምንቱን ሙሉ ጋቢ ብቻ ለሚሠራ ግን ይህም አያስፈልገውም። 1ንና 3ን በአንድ መርገጫ፣ 2ንና 4ን በሌላው እሰሩና የቀሩትን መርገጫዎች እግር እንዳያደናቅፉ ከሥር አውጥታችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሏቸው።