ለሁሉም እኩል የሚመስል ህግ ውስጥ የተደበቀ አድልዎ እንዴት ይለያል

ሰው አድሏዊ ህግ ሲባል "እነ እንትና አይችሉም" ብሎ የሚጽፍ ይመስለዋል፣ እንደሱ አይነቱማ ቀላል ነው፣ አስቸጋሪው እኩል መስሎ የሚወጣው ነው። ስለዚህ እንዲህ ፈትሹት (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)።

መጀመሪያ በስም የተጠራ ወይም የተዘለለ ቡድን ካለ እዩ። የቦስኒያ ህገ መንግስት ፕሬዚዳንትነቱን ለሶስት ብሄሮች፣ ለቦስኒያክ፣ ለክሮአትና ለሰርብ ብቻ ሰጥቶ ሌላውን ዘጋበት፣ አንድ የሮማ ብሄር ተወላጅ (ጂፕሲ የሚሏቸው) እና አንድ አይሁዳዊ ክስ አቅርበው 2009 ላይ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ፈረደላቸው።

ስም ካልተጠራ "ግን" የምትለዋን ፈልጉ። የአሜሪካዋ ሉዊዚያና ግዛት 1898 ላይ ለመምረጥ ወይ ማንበብና መጻፍ ወይ ንብረት ያስፈልጋል አለች፣ ግን አባቱ ወይም አያቱ ከ1867 በፊት መራጭ የነበረ አይመለከተውም። ዘር የሚል ቃል የለበትም፣ በዛ ጊዜ ግን እዛ ጥቁር አይመርጥም ነበር፣ በቃ ቀኗ ብቻዋን ስራውን ጨረሰች።

ቀጥሎ ያለው ላይ ረጋ በሉ፣ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው፦ ማን ተፈቀደለት ማን ተከለከለ ብሎ መቁጠር። 1880 ላይ ሳንፍራንሲስኮ በእንጨት ቤት ላውንደሪ ለመስራት የከተማው ቦርድ ፈቃድ ግድ ነው ተባለ፣ ምክንያቱ እሳት፣ ማን ይቃወማል? ከዛ 200 ገደማ ቻይናውያን አመልክተው ሁሉም ተከለከሉ፣ ቻይናዊ ያልሆኑት 80 ገደማ ግን ከአንድ በስተቀር እዛው እንጨት ቤታቸው ውስጥ ማጠባቸውን ቀጠሉ። ታስሮ የተከራከረው ሰውዬ ደግሞ እዛው ቤት 22 ዓመት የሰራ፣ ከእሳት ተቆጣጣሪዎች ችግር የለውም የሚል ወረቀት የያዘ ነበር! 1886 ላይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ህጉ ወረቀቱ ላይ ምንም ቢያምር አፈጻጸሙ ካዳላ ያው አድልዎ ነው ብሎ ፈታው።

የምርጫ ካርታ ከሆነ ቅርጹን እዩ። የአላባማዋ ተስኪጊ አራት ማዕዘን የነበረች ከተማ 1957 ላይ ወሰኗ እንደገና ተሰምሮ 28 ጎን ወጣላት፣ 400 ገደማ ከነበሩት ጥቁር መራጮች ከ4 ወይም 5 በስተቀር ሁሉም ውጪ ቀሩ፣ ነጭ ግን አንድም አልወጣም።

ነገሩ እናንተው ላይ ከደረሰ በቃል "አይሆንም" ስትባሉ ዝም ብላችሁ አትመለሱ፣ ምክንያቱን በጽሁፍ ስጡኝ በሉ፣ እምቢ ካሉ ቀኑንና ማን እንዳናገራችሁ ጻፉ፣ ተመሳሳይ ማመልከቻ አስገብቶ የተፈቀደለት ሰው ፈልጉ (እሱ ነው ዋናው ማስረጃ)። የይግባኝ ቀነ ገደቡን ግን ከሁሉም በፊት ጠይቁ፣ ማስረጃ ስትለቅሙ እንዳያልፍባችሁ።