ተለጣፊ አልጋ ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን አልጋ ለኩ

እህቴ ከዱባይ በካርጎ የላከችው ካርቶን ሲደርስ ባለቤቴ ስምንተኛ ወሯን ልትጨርስ ነበር። ውስጡ ያለው ከትልቁ አልጋ ጎን ተጠግቶ የሚታሰር፣ በእናትየው በኩል ያለው ጎኑ ወደ ታች የሚታጠፍ የሕፃን አልጋ ነው። ሻጮች ሁሉንም ዓይነት በጅምላ "ቤቢ ቤድ" ይሉታል። አማቼ ግን ገጣጥሜ ሳቆመው ዙሪያውን አዩና "ታዲያ ይሄ ተለጣፊ ነዋ!" አሉ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስሙ ተለጣፊ ሆኖ ቀረ፤ ፖለቲካ የለበትም።

ሥራዬ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ነው። ሜትር ከኪሴ ጠፍቶ አያውቅም። እህቴ ከመግዛቷ በፊት ደውላ "የአልጋችሁ ከፍታ ስንት ነው?" ስትለኝ ግን "ያው እንደ ሰው አልጋ ነው" ብዬ መለስኩላት። የሰው መስኮት ለሁለት ሚሊ ሜትር ተመላልሼ የምለካ ሰውዬ! የመጣው መዘዝ ሁሉ ከዚያች መልስ ነው የመጣው፤ ስለዚህ ምክሬን ከሱ እጀምራለሁ።

ተለጣፊ አልጋ ብቻውን "ጥሩ" ወይም "መጥፎ" አይባልም። ሱቅ ውስጥ ያማረው አልጋ ከእናንተ አልጋ ጋር ካልገጠመ ወጥመድ ነው። አደጋው ያለው በሁለቱ መካከል በሚቀረው ክፍተት ነው፤ አራስ ልጅ ተንሸራታ እዚያ ውስጥ ከገባች ራሷን የምታወጣበት አቅም የላትም፣ አፍና አፍንጫዋ ፍራሽ ላይ ከተለጠፈም ድምፅ አታሰማም። ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ቤታችሁ ተንበርከኩና ሦስት ነገር ለኩ። አንደኛ፣ ከወለሉ እስከ ፍራሻችሁ የላይኛው ገጽ። ሁለተኛ፣ ከወለሉ እስከ አልጋው የጎን ሳንቃ አናት። ሦስተኛ፣ የጎን ሳንቃው ከፍራሹ ጫፍ ምን ያህል ወደ ውጭ እንደሚወጣ። ሦስተኛውን ማንም አይለካውም። የኛ ሀገር የእንጨት አልጋ ጉድ ያለው ግን እዚያ ነው።

የኛ አልጋ ኮተቤ አንድ አናጺ ጋ ለሠርጋችን የተሠራ ነው። ጎኑ ሰፊ፣ ጌጥ ያለው፣ 7 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ የሚወጣ ሳንቃ አለው። ጠዋት ተቀምጠንበት ጫማ ስናስር ደስ ይላል። በዚያ ላይ ብዙ ሰው ቤት እንዳለው አሮጌውን ፍራሽ ከሥር፣ አዲሱን ከላይ ደርበንበታል። ከወለል እስከ ላይ ስለካው 68 ሴንቲ ሜትር መጣ። ተለጣፊው ደግሞ እግሩ እስከ መጨረሻው ተስቦ እንኳ ጎኑ ታጥፎ በእናትየው በኩል የሚቀረው ዝቅተኛ ግርዶሽ አናቱ 60 ላይ ነው። ማለትም የኛ ፍራሽ ከግርዶሹ በ8 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፤ ትራስም፣ ብርድ ልብስም፣ የደከመው ክንዴም ወደ ልጅቷ ላይ ቁልቁል ይወርዳል። ጎን ለጎን ሳስጠጋቸው ደግሞ ያ የጌጥ ሳንቃ በመሃል ገብቶ በፍራሹና በተለጣፊው መካከል ልክ እንደ ቦይ ክፍተት ፈጠረ። እጄን ሰደድኩት፤ እስከ አንጓዬ ድረስ ገባ።

ባለቤቴ "ፎጣ ጠቅልለን እንጠቅጥቅበት" አለች። ይህን አታድርጉ። የተጠቀጠቀ ነገር ሌሊት ይላላል፣ ይወጣል፣ መጨረሻው ሕፃኑ ፊት ላይ ነው። ክፍተቱ በጨርቅ አይሞላም፤ ራሱ መጥፋት አለበት።

ያጠፋሁት እንዲህ ነው። አሮጌውን ፍራሽ አወጣሁት። ያኔ የላይኛው ፍራሽ ብቻውን ሲቀር ቁመቱ 53 ሆነ፤ ግን በጎን ሳንቃዎቹ መሃል ስለተቀበረ ቦዩ አሁንም አለ። ከርብራቡ እስከ ሳንቃው አናት 5 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ርብራቡ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ሞራሌ (አራት ማዕዘን እንጨት) ደረደርኩ፣ በላዩ ባለ 1 ሴንቲ ሜትር ኮምፔንሳቶ መታሁበት። አሁን ፍራሹ ከሳንቃው አናት እኩል ስለተቀመጠ በሳንቃው ላይ እየተንሸራተተ እስከ ጫፍ ይሄዳል። ገፋሁት። ጫፉ ከተለጣፊው ጋር ተሳሳመ፣ ቁመቱም 58 ሆነ፤ ከግርዶሹ አናት 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ። ትርፉ ክፍተት በኔ በኩል ወደ ግድግዳው ዞረ። እዚያ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሰካሁበት፤ እዚያ የምተኛው እኔ ነኝ፣ ችግር የለውም።

ግርዶሽ ስል ጎኑ ሲታጠፍ ጨርሶ የማይጠፋውን ዝቅተኛ ግድግዳ ማለቴ ነው። ኢኤን 1130 (EN 1130) የተባለው የእ.ኤ.አ. 2019 የአውሮፓ መመዘኛ፣ ከሕፃኑ ፍራሽ በላይ ቢያንስ 12 ሴንቲ ሜትር ግርዶሽ እንዲቀር ይጠይቃል። አሮጌ ሞዴሎች ውስጥ ሙሉ በሙሉ ክፍት የሚሆኑ አሉ። ስትገዙ ጎኑን አስወርዱና ለኩት። ሥሩ ላይ ያለው ጽሑፍ "ኢኤን 1130" ወይም የአሜሪካው የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ለአልጋ ዳር መኝታ ያወጣውን ደንብ እንደሚያሟላ ካልተናገረ፣ እኔ ብሆን አልገዛውም። ሻጩ "ኦሪጅናል ነው" ማለቱ መመዘኛ አይደለም።

ወደ ማሰሪያው ልምጣ። ተለጣፊ አልጋ ከትልቁ አልጋ ጋር የሚያያዘው በሁለት ጠንካራ ማሰሪያዎች ነው፤ በፍራሹ ሥር አልፈው በወዲያኛው በኩል ያለውን የአልጋ ክፈፍ ይይዛሉ። የኛ ካርቶን ውስጥ አንዱ ብቻ ነበር። የመግጠሚያ መመሪያውም የለም። እጄን አምኜ ሁለተኛውን በጭነት ገመድ ሠራሁት፣ ቋጠሮዬንም አደነቅሁ። ከዚያ ሙከራ አደረግሁ፦ አልጋው ላይ በጎኔ ተኝቼ፣ ከኦፕራሲዮን የወጣች ሴት እንደምታደርገው፣ የተለጣፊውን ጠርዝ ተደግፌ ተነሳሁ። ሦስት ጊዜ ስደግመው በገመዱ በኩል 4 ሴንቲ ሜትር ተከፈተ። ልጅ ሳይገባበት በፊት ይህን ሙከራ የግድ ሥሩ። ተደገፉት፣ በጉልበት ግፉት፣ ከዚያ ጣታችሁን መሃል ስደዱ። ጣት ከገባ አልታሰረም።

እህቴ የጎደለውን ማሰሪያ ከሻጩ ተቀብላ በሰው እጅ እስክትልክ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ በመሃሉ ልጅቷ ተወለደች። በዚያ ጊዜ ጎኑን ወደ ላይ ቆልፌ፣ አራቱም ጎኑ ዝግ ሆኖ፣ ከአልጋችን አንድ ክንድ ርቆ ብቻውን ቆመ። ልጅቷን ለጡት የማቀብል እኔ ነበርኩ። እንቅልፍ አጣሁ እንጂ ሌላ ያጣሁት የለም። ማሰሪያው ያልተሟላ፣ ብሎን የጎደለው፣ በሽቦ የተጠገነ ያገለገለ አልጋ "በርካሽ ነው" ቢሏችሁ ይሄንን አስቡ፤ ቢያንስ ተዘግቶ ብቻውን መቆም የማይችል ከሆነ ተዉት።

እግሮቹ ላይ ደግሞ የከፍታ ቁጥር አለ። ሁለቱም ጫፍ አንድ ቁጥር ላይ ይሁን። "ወተት እንዳይመለስባት ራስጌውን ከፍ አድርገው" የሚል ምክር ጎረቤቱ ሁሉ ይሰጣል። ባዘነበለ መኝታ ላይ የአራስ ልጅ አገጭ ወደ ደረት ይወድቅና የመተንፈሻው መንገድ ይታጠፋል። አሜሪካኖች ከ10 ዲግሪ በላይ ያዘነበለ የሕፃን መኝታ ሽያጭን እ.ኤ.አ. በ2022 በሕግ አግደዋል። ያው ሕግ በአልጋ ዙሪያ የሚታሰሩትን ወፋፍራም የጨርቅ መከላከያዎችም አግዷል። እዚህ ግን መከላከያው፣ ትራሱና ድቡ ከአንሶላው ጋር በአንድ ላስቲክ ታሽገው "ሙሉ ሴት" (ሙሉ ስብስብ ለማለት ነው) ተብለው ይሸጣሉ። ከዚያ ስብስብ ውስጥ የሚጠቅማችሁ የተወጠረው አንሶላ ብቻ ነው።

ፍራሹ ስስ ነው፣ ደረቅ ነው፣ አማቼ በእጃቸው ነክተው "ይሄ ካርቶን ነው፣ የልጄን ልጅ ካርቶን ላይ!" ብለው ስፖንጅ ሊያስቆርጡ ተነስተው ነበር። ደረቅ መሆኑ ስህተት አይደለም። መዳፋችሁን ጫን አድርጋችሁ አንሱ፤ የእጃችሁ ቅርጽ ከቀረ ፍራሹ ለአራስ አይሆንም። ሌላ ስፖንጅ መደረብም አይቻልም፤ ከተደረበው ልክ ግርዶሹ ያጥራል፣ በዳርና በዳር አዲስ ክፍተት ይፈጠራል። ከአልጋው ጋር በመጣው ፍራሽ ብቻ ተጠቀሙ።

ከአማቼ ጋር ያደረግነው ክርክር ግን ፍራሽ ላይ አላበቃም። "እኔ ሰባቱንም ጎኔ አስተኝቼ ነው ያሳደግሁት" ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። እኔም "እማማ፣ እርስዎ የተኙት መደብ ላይ ነበር፤ ሰሌንና ቁርበት አይሰምጥም። የኛ ፍራሽ ይውጣል፣ ብርድ ልብሱም የበግ ያህል ይመዝናል" አልኳቸው። ዝም አሉ። መስማማታቸው ይሁን መታዘባቸው አልገባኝም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2022 ባሻሻለው ምክሩ ሕፃኑ ቢያንስ ለ6 ወር ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል፣ ግን በራሱ መኝታ ላይ ይተኛ ይላል። ተለጣፊ የተባለው ነገር ዋጋው እዚህ ላይ ነው፦ ባለቤቴ የተሰፋ ሆዷን ይዛ ሳትነሳ እጇን ዘርግታ ልጇን ትነካለች፣ ልጅቷ ግን የራሷ ቦታ አላት። አጥብታ ስትጨርስ ትመልሳታለች። ሶፋ ላይ እያጠቡ ማንቀላፋት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ባለቤቴ እንቅልፍ ሲጥላት ቀስቅሼ አልጋ ላይ አስገባታለሁ።

ሁለተኛው ክርክር በጀርባ መተኛቷ ላይ ነበር። "ታስታውክና ትታነቃለች" አሉ። ሐኪሟ በክትትል ቀን ያስረዱን በቀላሉ ነው፦ ልጅ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ስለሚሆን፣ የተመለሰው ወተት ሽቅብ ወደ አየር ቧንቧው አይፈስም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 "በጀርባ አስተኙ" የሚለው ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ በእንቅልፍ ላይ በድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ያህል ቀንሷል። አማቼን ያሳመናቸው ግን ቁጥሩ አይደለም፤ ሐኪሟ እንደ እሳቸው ሸበቶ መሆናቸው ነው።

ስለዚህ ተለጣፊው ውስጥ የሚገባው ልጅቷና አንሶላው ብቻ ሆነ። የአዲስ አበባ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፤ ጋቢ ከመደረብ ልብሷን ደረብንላት፣ ኋላም እጅ ያለው የመኝታ ከረጢት አገኘን። የሱፍ ኮፍያዋ በር ላይ ይቀራል። ሙቀቷን በማጅራቷ እንዳስሳለን፤ ካላላባት ደህና ናት። በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ የታሰረላት ማተብም ሌሊት ሌሊት ይወልቃል፤ ክር በአንገት ላይ እያለ መተኛት አደጋ አለው። አማቼ ራሳቸው ማታ ፈትተው ከሥዕሉ ሥር ያኖሩታል፣ ጠዋት አማትበው ያስሩላታል። የቡናው ከሰልና ዕጣንም ከአራስ ክፍል ወጥቶ ወደ በረንዳ ሄዷል። በዚህ ጉዳይ ላይ ማንም አላነጋገረኝም፤ እኔ ነኝ ያወጣሁት።

ውጭ የሚልክ ዘመድ የሌለው ሰው "አናጺ ቢሠራልኝስ?" ማለቱ አይቀርም። አራት ጎኑ ዝግ የሆነ አሠሩ እንጂ ተለጣፊ አታሠሩ። የማሰሪያውና የግርዶሹ ነገር በዓይን ግምት የሚሠራ አይደለም፤ ዝግ አልጋ ከጎናችሁ ቢቆም አንድ እርምጃ ብቻ ነው የሚጨምርባችሁ። ለአናጺው የምትሰጡት ትእዛዝ አጭር ነው። በቋሚዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ወደ ታች የሚንሸራተት ጎን እንዳይኖረው፤ አሜሪካ እንዲህ ያለውን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ አግዳዋለች። ማዕዘኖቹ ላይ ልብስ የሚይዝ ጉልላት አይኑር፣ መገጣጠሚያው በሚስማር ሳይሆን በብሎን ይሁን። ፍራሹ ከክፈፉ ጋር ጥብቅ ይበል፤ በዳሩ ሁለት ጣት መግባት የለበትም። ስለ ቀለሙ ጠይቁ፦ በሀገራችን ደንብ ቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) መብለጥ የለበትም፣ ግን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቆርቆሮ የሚከፍት አናጺ አለ። ያልተከፈተ ቆርቆሮ ራሳችሁ ግዙለት። ከተቀባ በኋላም ሽታው እስኪጠፋ ውጭ ይሰንብት።

ተለጣፊውን የምትተዉበት ቀን ሳይታሰብ ነው የሚመጣው። መመሪያዎቹ ልጁ በእጁና በጉልበቱ ተደግፎ መነሳት ወይም መቀመጥ ሲጀምር አቁሙ ይላሉ፤ የክብደቱን ገደብም ከሥሩ ካለው ጽሑፍ አንብቡ። የኛ በአምስተኛ ወሯ አንድ ማለዳ ግርዶሹን በሁለት እጇ ይዛ፣ በጉልበቷ ቆማ እኔን ስታየኝ ነቃሁ። የዚያኑ ቀን ፈታሁት።

ብሎኖቹን በፌስታል፣ ሁለቱን ማሰሪያዎች ጠቅልዬ ከእግሩ ጋር አሰርኩ። የታችኛው ቤት ጎረቤታችን በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች፤ ባሏ ሊወስደው ሲመጣ "ቆይ፣ አብረን እንውረድ" አልኩና ሜትሬን ይዤ ወረድኩ። የነሱ አልጋ 71 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ እነሱም ሁለት ፍራሽ ደርበዋል።