ትንሽ ሕንፃ ላይ ቤት ከመግዛታችሁ በፊት ቃለ ጉባኤውን ጠይቁ

ስድስት ወይም ስምንት ቤት ብቻ ያለው ሕንፃ ላይ ኮንዶሚኒየም ልትገዙ ከሆነ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ያለፉትን ሁለት ሦስት ዓመታት የባለቤቶች ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ጠይቁ።

አዲስ ቀለም ብዙ ነገር ይሸፍናል። ጣሪያው ማፍሰሱ፣ የፍሳሽ መስመሩ መደፈኑ፣ መዋጮ የማይከፍል ጎረቤት መኖሩ ግን ቃለ ጉባኤው ላይ ይገኛል። በየስብሰባው እየተነሳ ውሳኔ ሳያገኝ የሚታለፍ ጉዳይ ካያችሁ እሱን አጥብቃችሁ ያዙ። ከገዛችሁ በኋላ የወጪው ድርሻ እናንተም ላይ መምጣቱ አይቀርም።

ትንሽ ሕንፃ ላይ ይህ የሚከብደው ወጪውን የሚጋራው ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው። የጣሪያ ጥገና እኩል ቢካፈል፣ 60 ቤት ባለበት ድርሻችሁ አንድ ስልሳኛ ነው። 6 ቤት ባለበት አንድ ስድስተኛ ይሆናል። ከስድስቱ አንዱ አልከፍልም ካለ ደግሞ ሥራው ይቆማል፣ ወይም አምስታችሁ ትሸከሙታላችሁ። ስለዚህ የመጠባበቂያ ገንዘቡ ስንት እንደሆነም ጠይቁ፤ በቃል ሳይሆን በባንክ መግለጫ። ወርሃዊ መዋጮው ትንሽ ነው ሲሏችሁም ቶሎ ደስ አይበላችሁ። ለጥገና በቂ ገንዘብ አልተቀመጠም ማለት ሊሆን ይችላል።

ሕንፃው አዲስ ከሆነ ቃለ ጉባኤ ላይኖር ይችላል። ያኔ መተዳደሪያ ደንቡን አንብቡ፤ በተለይ ወጪ የሚካፈለው ለየቤቱ እኩል ይሁን በቤቱ ስፋት። ሕንፃው አሮጌ ሆኖ ቃለ ጉባኤ ከሌለው ግን ሻጩን ብቻ አትስሙ፣ የሁለት ጎረቤት በር አንኳኩና ጠይቁ።