ባዶ ሳጥን የሚገፋው በረዶ

አዳማ ቁጭ ብዬ የበረዶ ግፊት እለካለሁ ስል ሰው ይስቃል። እውነታቸውን ነው፤ የቆቃ ግድብ በረዶ አያውቅም። ካናዳ ውስጥ ግን የግድብ ዲዛይን ሲሠራ በረዶው በእያንዳንዱ የግድቡ ርዝመት ሜትር ወደ 150 ኪሎ ኒውተን ይገፋል ተብሎ ይያዛል። እኔም ለመመረቂያዬ ትንሽ ሞዴል ሠራሁ። ብየዳ ቤት ያሠራሁት ክፍት የላሜራ ሳጥን፣ አንድ ስትሬይን ጌጅ (ብረት ላይ ተለጥፎ መለጠጡንና መኮማተሩን በቁጥር የሚያሳይ መለኪያ)፣ የተዋስኩት ዲፕ ፍሪዘር። አለቀ።

ችግሩ፣ ጠብታ ውሃ ሳልጨምር ቁጥሩ ይሮጣል። ባዶ ሳጥን ማን ገፋው? ሦስት ቀን ሽቦ ስነቅልና ስሰካ ዋልኩ። ጌጁን ቀየርኩ። ያው ነው።

ለካ ጥፋቱ የብርዱ ነው። ብረት በ1 ዲግሪ ከሚሊዮን 12 እጅ ያህል ይኮማተራል። 20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 240 ይሆናል። ጌጄ ደግሞ ለብረት የተስተካከለ አልነበረም፤ ብርድና ግፊት አይለይም።

ከዚያው ላሜራ ቁራጭ ቆረጥኩና ተመሳሳይ ጌጅ ለጠፍኩበት። ምንም ሳይጫነው ከሳጥኑ አጠገብ ስፖንጅ ላይ አስቀመጥኩት። ሁለቱን ጌጆች ዊትስቶን ብሪጁ ላይ፣ ማለትም የጌጆቹን ልዩነት በሚያነበው ሰርኪዩት ላይ፣ ጎን ለጎን አገናኘኋቸው። ብርዱ ሁለቱንም እኩል ስለሚነካ ውጤቱ ይጠፋፋል። ባዶው ሳጥን ዜሮ ላይ ረጋ።

ውሃ ሞልቼ በረዶ ካደረግኩት በኋላ መብራት ጠፋ። ስሳደብ ቁጥሩ ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ! በረዶ ሲሞቅ ከብረት አራት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል፤ ግድብ ከሚገፉት ነገሮች አንዱም ይኸው ነው። መብራቱ እስኪመጣ ከፍሪዘሩ አጠገብ አልተነሳሁም።